በበዓል ቀን የማይዘጋ ጣሪያ

ዝናብ ሲጀምር እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ሌላው የጎንደር ሰው ክረምት ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጋቢውን ስቦ ይቀመጣል፤ እኔ ከመስኮት መስኮት እንከራተታለሁ። ከየት በኩል ነው የመጣው? ነፋስ አለው? በረዶ ቀላቅሏል ወይስ ውሃ ብቻ ነው? ጎረቤቶቼ «ይቺ ልጅ የሆነ ነገር አለባት» ይላሉ። አለብኝ እንጂ! ጣሪያ አለብኝ። ያውም የሚከፈትና የሚዘጋ።

ጣሪያው ያለው ከዳባት ወዲያ፣ ወደ ስሜን ተራሮች በሚወጣው መንገድ ላይ ባለች አንዲት የደጋ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ እነሱ ያውቁኛል፣ እኔም አውቃቸዋለሁ፣ ይበቃናል። እኔ መሐንዲስ ነኝ። ያደግሁት ጎንደር፣ ከቤተ ክህነት ቤተሰብ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኛ ልጆቻቸው እንኳ ቤት ውስጥ «የኔታ» ነው የምንላቸው። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሠራሁት ስህተት ከእኔ ቤት ልጅ የማይጠበቅ ስለነበር ነው።

ነገሩን ያመጣችው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት። እዚያች ከተማ የስፖርት መምህርት ሆና የሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን ታሠለጥናለች። አንድ ቀን ጎንደር ቢሮዬ ድረስ መጣችና ሳትቀመጥ፣ «የሚከፈት ጣሪያ ሥሪልኝ» አለችኝ።

«ሰላምታስ የለም?» አልኳት።

«ሰላም ነሽ? ጣሪያ ሥሪልኝ።»

ከተማዋ ለመረብ ኳስ ሜዳዋ ድፍን የቆርቆሮ ጣሪያ አልብሳው ነበር። ዙሪያውን ግንብ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ አለቀ። ዝናቡ ልጆቹን አይመታም፤ ሌላው ግን ሁሉ ይመታቸዋል። ውስጡ ጨለማ ነው። መብራት እንዳይበራ ደግሞ ገና ነጎድጓድ ሲሰማ መብራቱ ቀድሞ ይጠፋል። ከሁሉ የባሰው ላቡ ነው። በደጋ ክረምት ጉሙ በበር ይገባል፣ የልጆቹ ትንፋሽ ይጨመርበታል፣ ቆርቆሮው እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ይጠብቃቸዋል፤ ከዚያ ጠብ ጠብ ይጀምራል። ውጭ አባርቶ ውስጥ ይዘንባል። ወለሉ ሳሙና ይሆናል። አንዷ ልጅ ተንሸራታ እጇ ተሰብሯል። መምህርቷ የፈለገችው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ገብታ ወለሉን እንድታደርቅላት፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ጣሪያው እንዲዘጋላት ነው። የደጋው ክረምት እኮ ጠባዩ ይታወቃል፤ ጠዋት ይስቅልሃል፣ ከምሳ በኋላ ያለቅስብሃል።

ሠራሁት። የጣሪያውን መሐል ለሁለት ክንፍ ከፍዬ እያንዳንዱን በሐዲድ ላይ አስቀመጥኩት። ሲዘጋ አንዱ ክንፍ በሌላው ላይ እንደ ጋቢ ጫፍ ይደረባል፤ ውሃ መግቢያ አያገኝም። አሸንዳውን በረዶ እንዳይደፍነው ብዬ ሰፊ አደረግሁት። ብረቱን የሠራልኝ በያጅ «ይኼ አሸንዳ ነው በርሜል?» እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ፤ እኔም እየተቆጣሁ ከረምኩ። ለዝናቡ ድምፅ ብቻ መላ አላገኘሁለትም፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ነው። ሞተር አላስገባሁም፤ መብራት የሚጠፋው ጣሪያው በሚፈለግበት ሰዓት ስለሆነ። በእጅ የሚዞር አንድ እጀታ ሁለቱንም ክንፎች እንዲጎትት አደረግሁ። እጀታውንም ከግንቡ ውጭ አቆምኩት፤ የሚያዞረው ሰው ሰማዩን እያየ ደመናው የት እንደደረሰ እንዲያውቅ። በዚህች ሐሳቤ እንዴት ኮርቼ ነበር!

ልጆች እንዳይጫወቱበት እጀታው ይነቀላል። የሚይዙት የሜዳው ጥበቃ ናቸው፤ ድሮ ገበሬ የነበሩ፣ ቀጥ ያሉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው። ከተማው ሁሉ «አያ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ሴት ልጃቸው የቡድኑ አምበል ናት። ረጅም ናት፣ ስትዘል መረቡ እስከ ደረቷ ይደርሳል። መምህርቷ «ይቺን ልጅ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢያያት አይለቃትም» ትለኛለች። የሚያውቁት ሰዎች ግን ለዞኑ ቡድን ተጫዋች የሚመርጡት የክረምቱ ውድድር ላይ ብቻ ነው። ውድድሩ ሌላ ከተማ ከሆነ ደግሞ ልጅቷ አትሄድም። አያ አንዴ ተናግረዋል፦ «ልጄ ከቤቷ ውጭ አታድርም።» ሁለተኛ አይጠየቁም። ስለዚህ መምህርቷ ቢሮ ለቢሮ ዞራ፣ ሰው ለምና፣ ተጣልታ፣ በጣሪያው ምክንያት ውድድሩ እዚያው ከተማ እንዲሆን አደረገች። የልጅቷ ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው እኔ በሠራሁት ቆርቆሮ ላይ ሆነ ማለት ነው። እንቅልፍ ይወስደኛል እንግዲህ?

ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ በሐምሌ ሥላሴ፣ የሙከራ ጨዋታ ተደረገ። እኔም ጣሪያዬ ሲሠራ ለማየት ከጎንደር ወጣሁ። ጠዋቱ ሸጋ ነበር። ጣሪያው ከዋዜማው ጀምሮ ክፍት ነው፣ ፀሐይዋ ገብታለች፣ ወለሉ ደርቋል፣ ከተማው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ በነጭ ለብሶ ሜዳውን ሞልቶታል። በአዘቦት ቀን ሁሉም እርሻው ላይ ነው፤ ሰው የሚገኘው በበዓል ብቻ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከምሳ በኋላ ደመናው ከተራራው ጫፍ ተላቆ መውረድ ጀመረ። አያ ግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«አያ፣ ደመናው መጣ፤ ይዝጉት እንጂ!» አልኳቸው።

«ዛሬ እኮ ሥላሴ ናቸው።»

«አውቃለሁ፤ እንኳን አደረሰዎ። አሁን ይዝጉት።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። አልዘጋም።»

«ምነው?»

«ሥራ ነዋ!»

መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለኝ። «ታዲያ ጥበቃውስ? ዛሬ እዚህ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«እሱማ መቀመጥ ነው።»

«በር ቢዘጉስ ሥራ ነው?»

«በር ያልባል እንዴ? ይኼ ብረት ያልባል። የሚያልብ ሁሉ ሥራ ነው።»

«ልጆቹስ ሲጫወቱ አያልባቸውም?»

«እነሱ አይከፈላቸውም» አሉኝ፣ ረጋ ብለው።

«በቃ እጀታውን ይስጡኝ፣ እኔ አዞረዋለሁ!»

«እጀታውን የሰጠሁ እኔ አይደለሁ? ያንቺን ኃጢአት ልሸከም ነው? የራሴ አይበቃኝም?»

እንዲህ ስንባባል መጣ። በረዶው እንደ ሽምብራ ጀምሮ እንደ ባቄላ ሆነ። ሰው እየተጋፋ በየጥጉ ተለጠፈ፤ ሜዳው ዐይኔ እያየ ኩሬ ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ በጃንጥላው ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየና «በውድድሩ ቀን እንዲህ ከሆነ ጣሪያውን በሚስማር ነው የማስመታው። ውድድሩንም ጎንደር ይውሰዱት» ብሎ ሄደ።

ሁሉን አስቤ ነበር እኮ! ነፋሱን፣ በረዶውን፣ መብራቱን፣ ላቡን። የየኔታ ልጅ ሆኜ፣ በበዓል ቀን ሥራ ነካሽ ብለው የተቆጡኝን ያህል በሌላ ነገር ተቆጥተውኝ ሳያውቁ፣ ሰው የሚሞላው በበዓል መሆኑን እያወቅሁ፣ የበዓል ቀን እጀታውን ማን ያዞረዋል ብዬ አላሰብኩም። ራሴን በጥፊ መምታት ነበር የቀረኝ።

የአያ ልጅ ኳሷን በብብቷ ይዛ ውሃው ዳር ቆማለች። ጠጋ ስላት፣ «እትዬ፣ ውድድሩ ጎንደር ከሄደ እኔ እዚሁ ነኝ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ማልቀስ የቃጣኝስ እኔን ነበር። በአባቷም ነደደኝ። በአንድ እጃቸው «አትሄድም»፣ በሌላው «አልዘጋም»! ልጅቷ በየት በኩል ትውጣ? ኧረ ንገሩኝ!

ውድድሩ የሚጀመረው በሚካኤል ነው። ቀን ይቀየር ብንል አዘጋጆቹ «ሰው በሌለበት ምን እናደርጋለን?» አሉ። በዋዜማው ዘግተን እንተወው ብል መምህርቷ ጮኸችብኝ፤ ተዘግቶ ካደረ ወለሉ ሳሙና ነው። ለየኔታ ደወልኩ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁ፤ ሐዲዱን፣ እጀታውን፣ ልጅቷን። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «የሚጠይቀው እሱ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«እንግዲያ መልሱ ላንቺ ነው፤ ተግባረ እድ፣ የእጅ ሥራ ነውና አንቺ አታዙሪ። እሱ የንስሐ አባት አለው፣ ይጠይቅ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ይኸው ነው የአባት ወግ! ከችግሬ ላይ አንድ ጨመሩልኝ።

አያን ይዘን ከንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄድን። ቄሱ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን እሳቸውም አልቸኮሉም። ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና ፈረዱ፦ «ሰው ሲረጥብና ሲበርደው ማስጠለል ምጽዋት ነው፤ በሚካኤልም ቢሆን ይፈቀዳል። ሰው ሳይረጥብ ግን ለጨዋታ ብሎ ብረት ማዞር ሥራ ነው።»

አያ ደስ አላቸው። «በቃ፣ ሰው ሲረጥብ እዘጋዋለሁ።»

«አያ፣ ሰው ሲረጥብማ አበቃ!» አልኳቸው። በረዶው ሐዲዱ ላይ ካረፈ ክንፎቹ የሚንከባለሉበት ጎማ ይነክሰውና ክንፎቹ መሐል መንገድ ይቀራሉ። መዘጋት ያለበት ደመናው ገና ተራራው ላይ ሳለ ነው። ይህን መሬት ላይ በእንጨት ስዬ፣ በጠጠር አሳይቼ ብነግራቸው፣ «የተፈቀደልኝ ሰው ሲረጥብ ነው» ከማለት አልወጡም። እስከ ሚካኤል ድረስ አልተቀመጥኩም። ሐዲዱን እጠርጋለሁ፣ ግሪስ እቀባለሁ፣ ወጥቼ ሰማይ አያለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ ሐዲዱን እጠርጋለሁ። መምህርቷ «ኧረ ባክሽ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ!» ትለኛለች።

የሚካኤል ዕለት ቅዳሴው እንደወጣ ሰው ጎረፈ። ቄሱም መጥተው ከፊት ተቀመጡ። መራጮቹ ከጎንደር መጥተው ጥግ ይዘዋል። ልጆቹ ሲያሟሙቁ ደመናው ከተራራው ተላቀቀ። ወደ አያ ሮጥኩ፤ እጀታውን በጋቢያቸው ሥር ይዘው ግንቡ በር ላይ ቆመዋል። ሰው ረጥቦ እንደሆነ ብቻ ወደ ሜዳው ያያሉ። ፀሐይዋ ገና አልጠፋችም። አንዲት ጠብታ የለችም።

ያኔ መምህርቷ ከተጫዋቾቹ መሐል ወጣች። ልጆቹ ሊታጠቡበት የተቀዳ ውሃ በጀሪካን ነበር። አነሳችና ሜዳው መሐል ቆመች። «አያ! የተፈቀደልዎ ሰው ሲረጥብ ነው አይደል?» ብላ ጮኸች።

«አዎን፣ ሰው ሲረጥብ።»

ጀሪካኑን አናቷ ላይ ዘቀዘቀችው። በዚያ ብርድ! ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ እኔ ካለሁበት ይሰማል። «ረጥቤያለሁ! በርዶኛልም!» አለች። የሰዉ ሳቅ ግንቡን ሊያፈርሰው ደረሰ። ሁሉም ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አልከለከሉም።

«ወይ ጉድ! በሚካኤል! ይቺ ሰው ሞታ ልታስጠይቀኝ ነው!» አሉ አያ፣ ወደ ውጭ እየሮጡ። እጀታውን ሰክተው ማዞር ጀመሩ። ክንፎቹ እየጮኹ መጡ፣ ተገናኙ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደረበ። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያው በረዶ ያረፈው ከዚያ ወዲያ ነው። እሰይ! ብዬ ዘለልኩ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። እጀታው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ የብረት ጥርስ አለው። ነፋስ ያመጣው በረዶ ጥርሱ መሐል ገብቶ ጠቀጠቀውና አልነክስ አለ። አያ ለቀቅ ሲያደርጉት እጀታው ወደ ኋላ ተፈተለከ። ነፋሱ ከሥር ገብቶ ክንፎቹን እየገፈተረ ነው፤ መሐሉ ሲላቀቅ ውሃ መረቡ ላይ ወረደ፣ ውስጥ ያለው ሰው ጮኸ። አያ ዘለው ያዙት፣ መልሰው አዞሩት፣ ከዚያ በደረታቸው ተኙበት። እንጨት ልወትፍ ሞከርኩ፤ ተሰበረ። በሻሼ አሰርኩት፤ ተበጠሰ። በያጅ ፍለጋ እንዳልሮጥ በዓል ነው፤ ማን ሱቅ ይከፍታል?

«ተይው፣ ይዤዋለሁ!» አሉኝ።

«ጨዋታው እስኪያልቅ?»

«ሌላ ምን አለ ታዲያ?»

ጨዋታው ተጀመረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው የዳኛው ፊሽካ አይሰማም፤ ነጠላ እያውለበለበ ነበር የሚዳኘው። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ በአንድ ዐይኔ እጀታውን፣ በሌላው ሜዳውን። አያ ግንብና ሰማይ እንጂ ሌላ አይታያቸውም። እዚያ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ሰማዩን እንዲያዩ ብዬ! የሚዘጋው ሰው ሊያየው የሚፈልገው ልጅ ይኖረው ይሆን ብዬ መች አሰብኩ?

«ምን ሆነ?» ይሉኛል እየጮኹ።

«ነጥብ አገኙ!»

«ማን ናት የመታች?»

«ልጅዎ ናት!»

ፊታቸው ላይ ውሃው ይወርዳል፣ መጥረጊያ እጅ የላቸውም። እጄን ዘርግቼ በነጠላዬ ጠረግሁላቸው። የሌላኛው ቡድን ልጆች ቀኙን አጠሩባት፤ ደጋግማ ስትመታ ይመልሱባታል። ይህንንም ነገርኳቸው።

«በግራ ትምታ በያት!» አሉኝ። «በግራ ትሻላለች! ባለፈው ማክሰኞም በግራ ነው የቀናት!»

ደነገጥኩ። ለካ በልምምድ ቀን ሁሉ በሩ ላይ ቆመው የሚያዩት ግቢውን ሳይሆን ልጃቸውን ኖሯል። «በግራ!» ብዬ ጮኽኩ። ማን ይሰማኛል? የራሴም ድምፅ አልተሰማኝ። ደግሞ ጮኽኩ። እንዳበደ ሰው ግራ እጄን አወዛወዝኩ። ልጅቷ አየችኝ አላየችኝ አላውቅም፤ በግራ መታች፣ ገባላት። ለአያ ስነግራቸው እጀታው ላይ ግንባራቸውን ደፉና «ተመስገን» አሉ።

ተሸነፉ። በመጨረሻዋ ዙር፣ ለጥቂት፣ ግን ተሸነፉ። ዝናቡም እየሳሳ ሄደ። ነፋሱ ቆሞ ክንፎቹ ዝም ሲሉ እንኳ አያ አልለቀቁም። «ይልቀቁት እንጂ፣ አልቋል» አልኳቸው። ሊለቁት ሞከሩ፤ ጣታቸው አልዘረጋ አለ።

ልጅቷ ሮጣ ወጣች። አባቷን በዚያ ሁኔታ ስታያቸው ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ጣታቸውን ከብረቱ ላይ ማላቀቅ ጀመረች።

«ረጠብሽ?» አሏት።

«አልረጠብኩም፣ አባባ።» ጣታቸውን ሳትለቅ፣ «መርጠውኛል» አለች። «ልምምዱ ጎንደር ነው። እዚያ ነው የምናድረው።»

አያ ፊታቸውን ወደ ተራራው መለሱ። እኔ አፌን ከፍቼ ልሟገት ስል መምህርቷ ከኋላ ክንዴን ያዘችኝ፤ ልብሷ አሁንም እርጥብ ነው። ልጅቷ የአባቷን እጅ በሁለት እጇ እያሻሸች ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። በመጨረሻ አያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የጎንደሩን ሜዳ ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ጣሪያውን የሚዘጋ ሁነኛ ሰው አለው?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ልዋሽ ዳድቶኝ ነበር፤ ግን ያን እጅ እያየሁ አልቻልኩም። «ጣሪያ የለውም፣ አያ» አልኩ። «ባዶ ሰማይ ነው።»

ወደ ላይ ተመለከቱ። ከአሸንዳው ውሃ ገና ይወርዳል።

«እንግዲያ ጃንጥላ ትያዝ» አሉ።